በድልሁ ውስጥ ያለው ቀይ

ውድ ጋሼ፣

አንተ «ቀለሙ ከጥፍሯ ነው የመጣው» ስትል እጄን ሳላስበው ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። ሥራ አስኪያጁና አለቆቹ ጠረጴዛውን ከበው ነበር። እኔ ደግሞ ፋብሪካችን በሚያመርተው የቲማቲም ድልህ ውስጥ የጨርቅ ማቅለሚያ እንዳገኘሁ ገና ተናግሬ መጨረሴ ነበር። አንተ የምርት ኃላፊ፣ እኔ የላብራቶሪ ሠራተኛ፤ ከዚያ ሁሉ በፊት ግን ወንድምና እህት ነን ብዬ ነበር የማስበው።

የማደባለቂያው ሠራተኛ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። «እቴ፣ ናሙናውን በማንኪያ ነው ወይስ በጥፍርሽ የምትጨልፊው?» አለኝ። አንተም አብረኸው ሳቅህ። ወዲያው ከሥራ ተባረርኩ፤ ያንገበገበኝ ግን ሳቅህ ነው። ፊደል ያስቆጠርከኝ አንተ አይደለህ?

ዕቃዬን ልሰብስብ ላብራቶሪ ስገባ እልህ ያዘኝ። የጥፍሬን ቀለም ፍቄ አሟሟሁትና የቀለም መለያ መሣሪያው ውስጥ ጨመርኩት። ብርሃን ሲያልፍበት እያንዳንዱ ቀለም የሚውጠውን ውጦ የቀረውን ይለቃል፤ መሣሪያውም ያንን በመስመር ይሥለዋል። ለዓይን የጥፍሬ ቀለምና ድልሁ ሁለቱም ቀይ ናቸው፤ መስመሮቻቸው ግን ጨርሶ አይገናኙም። የድልሁ መስመር ልክክ ያለው ከጨርቅ ማቅለሚያው ጋር ነው። ወንበሩ ላይ ተዘርፍጬ ብቻዬን ሳቅሁ። ለካ ለአፍታ እኔም ራሴን ተጠራጥሬ ኖሯል።

ከዚያ ለምግብ ተቆጣጣሪዎች ደወልኩ። እነሱም ከየሱቁ ያልተከፈተ ድልህ ሰብስበው በራሳቸው መሣሪያ መረመሩት። ትናንት ውጤቱ መጣ፤ ያው ማቅለሚያ ነው። ድልሁ ከየመደርደሪያው እየተነሳ ነው። ይህን ስሰማ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። እፎይ! ልጆችህ ዳቦ ላይ እየቀቡ የሚበሉት እሱን ነበር እኮ፣ ጋሼ።

ዛሬ ጠዋት እማዬ ደወለች።

«ልጄ፣ ወንድምሽ ኩርፊያው ከብዶታል። ይቅርታ በይውና ይለቅ።»

«ምን አጠፋሁ ብዬ?»

«የፈለግሽውን በይ! ታናሽ አይደለሽ?»

ታናሽነቴን አልክድም። ለልጆችህም አክስት ነኝ፤ ይዘሃቸው ብትመጣ በሬን እከፍታለሁ። ነገር ግን ከእንግዲህ ለቤት ሰላም ተብሎ ያየሁትን አላየሁም አልልም። በሰው ፊት አዋርደኸኝ በጓዳ እንድታባብለኝም አልፈልግም። «ዋሽቼባታለሁ» የምትለው እነዚያው ሰዎች ፊት ነው። ከዚያ ያነሰ ይቅርታ አልቀበልም።

እህትህ