የጣት አሻራ ስላልነበራት እህቴ ለጤና ቢሮው ኃላፊ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የከተማችን ጤና ቢሮ ኃላፊ፣
ባሉበት፣ ማለትም ከመሬት በታች

ጉዳዩ፦ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰነበቱ? ከአራት ሜትር ኮንክሪት በታች ጤናዎ እንደተጠበቀና የሚተነፍሱት አየርም ተጣርቶ እንደሚደርስዎ ሰምቼ እጅግ ተደስቻለሁ። እኛ ከላይ ያለነው አመዱ ካልዘነበብን በቀር ደህና ነን። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ በደብዳቤዬ ውስጥ አክብሮት የጎደለው ቃል ካገኙ አስቤበት የጻፍኩት መሆኑን በትሕትና እገልጻለሁ።

የኑክሌር ቦምቡ የወደቀ ዕለት የአንደኛ ክፍል መምህርት የሆነችው ታናሽ እህቴ ተማሪዎቿን ጥግ ላይ ሰብስባ በጀርባዋ ከለለቻቸው። ሃያ ሦስቱም ልጆች ተረፉ፤ የእሷ ጀርባና ሁለት እጆቿ ተቃጠሉ። በማግስቱ ጨርቅ በማመላልስበት ጋሪ ላይ አስተኝቼ ወደ ክሊኒክዎ ወሰድኳት። ለተደረገልን መስተንግዶም እንደሚከተለው አመሰግናለሁ።

፩. አዛውንቱ ዘበኛዎ ከዋናው ሆስፒታል የሪፈር ወረቀት እንዳመጣ ስለጠየቁኝ አመሰግናለሁ። ሆስፒታሉ በነበረበት ቦታ የቀረው ጉድጓድ ብቻ መሆኑን ብነግራቸው፣ «እሱንማ እኔም አውቃለሁ ልጄ፤ መመሪያው ግን አልተቀየረም» አሉኝ። ይህን ሲሉ ጋሪውን ላለማየት ዓይናቸውን ያሸሹ ስለነበር በእሳቸው አልቀየምም። መመሪያውን የፈረሙት እርስዎ ነዎት።

፪. ከአራት ሰዓት ልመና በኋላ አንዲት ጸሐፊ በመስኮት ቅጽ አወጣችልን፤ ታካሚ የአሥር ጣቶቹን አሻራ ካላሳረፈ ማደንዘዣ አያገኝም ይላል። እህቴ የተላጡ እጆቿን አየት አደረገችና፣ «ቆዳው ትምህርት ቤት ቀርቷል የኔ እመቤት፤ ሄጄ ላምጣው?» አለቻት። ጸሐፊዋ አለቀሰች፤ ቅጹን ግን መልሳ ወሰደች። መስኮቱ ከመዘጋቱ በፊት ከኋላዋ እስከ ጣራ የተደረደሩ የፋሻና የመድኃኒት ካርቶኖች አየሁ። «ለአመራሩ መጠባበቂያ» ተብሎ ተጽፎባቸዋል። አመራሩ ስንት ገላ ቢኖረው ነው ክቡር ሆይ?

፫. የቤታቸውን በር የከፈቱልን አንድ የእንስሳት ሐኪም ናቸው። «በሬና ፈረስ እንጂ ሰው አክሜ አላውቅም፤ ግን ስትሠቃይ ቆሜ አላይም» አሉና የቀራቸውን ሁለት ብልቃጥ ማደንዘዣ ሁለቱንም ለእሷ ሰጧት። እኔም ለሙሽራ ልብስ ያስቀመጥኩትን ነጭ ጨርቅ ቀድጄ፣ ቀቅዬ ፋሻ አደረግሁት። አምስት ቀን በደህና ቆየች፤ ስለ ተማሪዎቿ እየጠየቀች፣ በፋሻ አጠቀላለሌ እየቀለደች፣ «ሰው ነኝ እንጂ ትራስ አይደለሁም» እያለች። በስድስተኛው ቀን ቁስሏ አመረቀዘ። ሐኪሙ የሚያስፈልጋትን መድኃኒት ስም ጽፈው ሰጡኝና ወደ ክሊኒክዎ ሮጥኩ። ወረቀቱ የሰው ሐኪም ማዘዣ ስላልሆነ ባዶ እጄን ተመለስኩ። በዘጠነኛው ቀን ጠዋት እጄ ላይ አረፈች። ሐኪሙ እጃቸውን ታጥበው መሬት ላይ ተቀመጡና፣ «ይቅር በይኝ» አሉኝ። እስካሁን ይቅርታ የጠየቀኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ጥፋት የሌለባቸውም እሳቸው ናቸው።

አራተኛ ነጥብ ነበረኝ፤ ነገር ግን ሠላሳ ሁለት ቁስለኞች ፋሻ እንድቀይርላቸው እየጠበቁኝ ስለሆነ ትቼዋለሁ። እርስዎ ሥራ ስለበዛብዎት ሥራዎን እኔና የእንስሳት ሐኪሙ ይዘነዋል።

በዚህ አጋጣሚ የፊታችን ሰኞ ጠዋት የሃያ ሦስቱ ልጆች ወላጆች ካርቶኖቹን ለመውሰድ ከእኔ ጋር እንደሚመጡ በአክብሮት አሳውቃለሁ። ከአባቶቹ አንዱ ብረት በያጅ ስለሆኑ የበሩ ነገር አያሳስብዎ።

ለከተማው ሕዝብ ጤና ሲሉ አንድም ቀን ፀሐይ ላልሞቀዎት ለእርስዎ ያለኝን የከበረ ስሜት በድጋሚ እየገለጽኩ፣

የመምህርቷ ታላቅ እህት፣
ልብስ ሰፊዋ

ግልባጭ፦
በክሊኒክዎ በር ላይ ለሚለጠፍ

ማስታወሻ፦ የሟቾች ቁጥር ለሪፖርት እንዲያመች ወደ ቅርቡ መቶ ተጠጋግቶ እንዲላክልዎ ያዘዙበት ሰርኩላር ደርሶናል። ከሰፈራችን እስከ ዛሬ ጠዋት የሞቱት እህቴን ጨምሮ አርባ ዘጠኝ ናቸው፤ ስለዚህ በእርስዎ አቆጣጠር ማንም አልሞተም። እንኳን ደስ አለዎት።