ስምንቱ ገበሬዎች እና ዶክተር አብዱልጀባር ሙሀመድኑር (1956–2017 ዓ.ም.)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።

ዶክተር አብዱልጀባር ሙሀመድኑር ከአባታቸው ከሼህ ሙሀመድኑር ኢብራሂም እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዘሃራ ሰልማን በ1956 ዓ.ም. በኅዳር ወር፣ ከጨፋ ሮቢት ከፍ ብላ በምትገኝ መንደር ተወለዱ። ወሩ የታወቀው ማሽላ እየታጨደ ስለነበር ነው፤ ቀኑን ግን የጻፈው ሰው የለም። ቀብራቸው ባረፉበት ዕለት ስለተፈጸመ የሕይወት ታሪካቸው የሚነበበው ዛሬ፣ በሰባተኛው ቀን፣ ለዱዓ በተሰበሰብንበት ነው። ጽሑፉን ያዘጋጀችው የታላቅ እህታቸው የወይዘሮ ዓዲላ ሙሀመድኑር ልጅ ኢልሃም ጀይሉ ናት። ሟቹ በኑዛዜያቸው “አሳምራችሁ እንዳትጽፉልኝ” ብለው ስላስጠነቀቁ የሆነው ሁሉ እንደሆነው ተጽፏል፤ የምትቀየሙ ካላችሁ ከወዲሁ አውፍ፣ ይቅር በሉን።

ወይዘሮ ዘሃራ በ1962 ዓ.ም. ሲያርፉ አብዱልጀባር ገና ስድስት ዓመታቸው ነበር። ያሳደጓቸው በስምንት ዓመት የሚበልጧቸው እህታቸው ወይዘሮ ዓዲላ ናቸው። ወይዘሮ ዓዲላ ራሳቸው ትምህርት ቤት አልገቡም፤ ልግባ ቢሉም የሚሰማቸው አልነበረም። ወንድማቸውን ግን አንድም ቀን ከትምህርት ቤት አላስቀሩም። ዶክተሩ ሂሳብን የወደዱት በአንድ ጎበዝ መምህር ምክንያት እንደሆነ ይናገሩ ነበር። እህታቸው በዚህ አይስማሙም፤ “ከብት መጠበቅ ጠልቶ ነው እንጂ የምን ሂሳብ!” ይላሉ።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በጨፋ ሮቢት፣ ሁለተኛ ደረጃን በኮምቦልቻ ተከታትለው በ1975 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገቡ። በሂሳብ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን በ1978 ዓ.ም. ተቀብለው ደሴ ከተማ በመምህርነት ተመደቡ። በዚያው ከተማ በ1985 ዓ.ም. ከወይዘሮ ከውሰር ኢልያስ ጋር ኒካሕ አስረው ሙጂብንና ዓፊያን ወልደዋል። ሁለተኛ ዲግሪያቸውን በ1989 ዓ.ም. ካገኙ በኋላ በአገራችን ካሉት ዩኒቨርሲቲዎች በአንዱ ማስተማር ጀመሩ። ተማሪዎቻቸው ዛሬም የሚያነሱት ነገር ቢኖር ፈተና ሲያርሙ ዜሮ አለመስጠታቸውን ነው። ወረቀቱ ላይ ስምና ቀን ብቻ ላለበት ተማሪ እንኳ ግማሽ ይሰጡት ነበር፤ ስሙን መቼም አልሳተም እያሉ።

በ1996 ዓ.ም. ወደ ህንድ አገር ሄደው በፈዚ ሎጂክ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ሠሩ። ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒዩተር በተፈጥሮው አዎ ወይም አይደለም እንጂ መካከለኛ መልስ አያውቅም። ፈዚ ሎጂክ ግን “ትንሽ”፣ “መጠነኛ”፣ “በጣም” የሚሉትን የሰው ቃላት በቁጥር መጠን ሰፍሮ ለኮምፒዩተር የሚያስተምር የሂሳብ ዘርፍ ነው። ማሽኑ እንዲማር ታዲያ በመጀመሪያ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። ዶክተር አብዱልጀባር ያን ሰው እንዳገኙት የተናገሩት በ2000 ዓ.ም. ከህንድ ሲመለሱ ነበር። ያ ሰው እህታቸው ነበሩ።

በአካባቢያችን ማሽላ የሚቀመጠው ከጨፋው ረግረግ ራቅ ባለ ደረቅ መሬት በተቆፈረ ጉድጓድ ነው። እህሉ እርጥበት ይዞ ከተከደነ ይሻግታል፤ ቤተሰብም ዓመቱን ሙሉ ይቸገራል። በመንደራችን ደግሞ ወይዘሮ ዓዲላ ሳይቀምሱ የሚከደን ጉድጓድ አልነበረም። ፍሬውን በጥርሳቸው ይሰብራሉ፣ እጃቸውን ክምሩ ውስጥ እስከ ክንዳቸው ይሰዳሉ፣ ከዚያ ያሸታሉ። እርጥቡን በኦሮምኛ “ጂዳ”፣ መሀል ላይ ያለውን በአማርኛ “ለዘብ ያለ”፣ የደረቀውን እንደገና በኦሮምኛ “ጎጋ” ይሉታል። ጎጋ ካሉ ጉድጓዱ ይከደናል፤ ጂዳ ካሉ ባለቤቱ ቢለምንም ቢቆጣም እህሉ ተመልሶ ፀሐይ ላይ ይሰጣል።

ዶክተሩ ከ2001 እስከ 2003 ዓ.ም. በነበሩት ሦስት መኸሮች ከእህታቸው ጎን አውድማ ላይ ተቀመጡ። እሳቸው የእርጥበት መለኪያ ይዘው፣ እህታቸው ጥርሳቸውን ይዘው፣ አራት መቶ አሥራ ሁለት ናሙና መረመሩ። ለጥርስ፣ ለእጅና ለማሽተት ሦስት ሦስት ቃል ተይዞ ሃያ ሰባት ደንብ ወጣ። ዶክተሩ በደንቦቹ የሠሩት ፕሮግራም ከመቶ ዘጠና አራቱን ልክ እንደ ወይዘሮ ዓዲላ ፈረደ። የቀረው ስድስት በመለኪያው ሲፈተሽ ደግሞ በአምስቱ ልክ ሆነው የተገኙት ወይዘሮ ዓዲላ ነበሩ። ያን ቀን “ያ አብዱ፣ ይሄ ማሽንህ ጥርሱ ገና አልበቀለም” ብለው ያሾፉበት እስከ ዛሬ በመንደሩ ይወራል። በእነዚያ ሦስት መኸሮች ሁለቱም ደስተኞች ነበሩ። ዶክተሩ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ እንደዚያ ሲስቁ ያየ የቤተሰብ አባል የለም።

በ2004 ዓ.ም. ጥናቱ ለአንድ ዓለም አቀፍ ጆርናል ተላከ። በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ ደንቦቹ ከዓዲላ ሙሀመድኑር እንደተገኙ በግልጽ ተጽፎ ነበር። ከገምጋሚዎቹ አንዱ ግን፣ ሃያ ሰባቱም ደንቦች ትምህርት ካልቀመሰች ከአንዲት ሴት መገኘታቸው ጥናቱን ያዳክመዋል፣ ብዙ ባለሙያ መጠየቅ ነበረበት ሲል ጻፈ። የማስተካከያው ጊዜ ስልሳ ቀን ብቻ ነበር። መኸሩ አልፏል፤ ሌሎች አዋቂዎችን አውድማ ላይ አስቀምጦ ለመጠየቅ ደግሞ እስከሚቀጥለው ኅዳር መጠበቅ ሊኖርባቸው ነው። የማዕረግ ዕድገታቸው በዚህ ጽሑፍ ላይ የተንጠለጠለ ስለነበር መጠበቅ አልሆነላቸውም። የእህታቸውን ስም አውጥተው “በአካባቢው ከሚገኙ ስምንት ልምድ ያላቸው ገበሬዎች” ብለው ጻፉ። ህንድ አገር ያሉት ተባባሪ ጸሐፊያቸው ይህን አያውቁም ነበር። ዶክተሩ በኋላ ለምን ስምንት እንዳሉ ተጠይቀው፣ አሥር ቢሉ የተጋነነ እንዳይመስል ፈርተው እንደነበር ተናግረዋል።

ጽሑፉ በ2005 ዓ.ም. ታተመ። ከሦስት መቶ በላይ ተመራማሪዎች ጠቀሱት። በ2006 ዓ.ም. የተባባሪ ፕሮፌሰርነት ማዕረግ አገኙ፤ በየጉባኤው ተጋበዙ፤ ስለ ስምንቱ ገበሬዎችም በየመድረኩ ተጠየቁ። በተጠየቁ ቁጥር ውሸቷ ትንሽ ትንሽ ሥጋ እየለበሰች ሄደች። አንድ ጊዜ ከስምንቱ አንዱ ማረፉን ሁሉ ተናግረው አዳራሹ አዝኖላቸዋል።

በ2008 ዓ.ም. ኢልሃም የኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪ ሆና ለመመረቂያ ጽሑፏ ስታነብ የአጎቷን ጥናት አገኘች። ሠንጠረዡ ላይ በላቲን ፊደል የተጻፉት ቃላት ከልጅነቷ ጀምሮ ስትሰማቸው ያደገች የእናቷ ቃላት ነበሩ። ደስ ብሏት ለእናቷ አነበበችላቸው። ወይዘሮ ዓዲላ ሰምተው “ስምንቱ እነማን ናቸው?” አሉ። የራሳቸው ስም ለምን እንደሌለ አልጠየቁም። ወንድማቸው ከእሳቸው የተሻሉ ስምንት አዋቂዎች አግኝተው የእሳቸውን ፍርድ የጣሉት መስሏቸው ነበር።

ኢልሃም አጎቷን ጠየቀች። ዶክተሩ እውነቱን አልደበቋትም፤ እንዳትናገር ግን አደራ አሏት። ጆርናሉን አሳርመው፣ የእህታቸው ስም የወጣበትን ወረቀት በእጃቸው ይዘው ሄደው ራሳቸው ሊነግሯቸው ፈለጉ። “ባዶ እጄን ምን ብዬ ፊቷ እቆማለሁ?” አሉ። ስለዚህ እናቷ ስለ ስምንቱ ደግመው ሲጠይቋት ኢልሃም “አላውቅም” አለች። ታውቅ ነበር። ይህ እሷም የምትጠየቅበት ነውና ከዚህ ጽሑፍ አልወጣም።

ከዚያ መኸር ጀምሮ ወይዘሮ ዓዲላ እህል መቅመስ ተዉ። ጎረቤት ሲጠራቸው “አብዱ ስምንት ሰው አግኝቷል፤ እነሱን ጠይቁ” እያሉ መለሱ። በ2010 ዓ.ም. የጎረቤታችን የአቶ ሙህዲን ጉድጓድ ሲከፈት ማሽላው እስከ ግማሽ ሻግቶ ተገኘ። ዶክተሩ ወሬው ሲደርሳቸው ክፍል ገብተው ማስተማር አቅቷቸው ተመልሰዋል።

እርማት መጠየቅ ግን ቀላል አልነበረም። ስም ረሳሁ ማለት አንድ ነገር ነው፤ ስምንት ሰው ፈጠርሁ ማለት ሌላ ነው። ማዕረጋቸውን፣ ተማሪዎቻቸውን፣ ምንም የማያውቁትን ተባባሪያቸውን እያሰቡ ደብዳቤውን ጀምረው ይተዉታል፤ ጀምረው ይተዉታል። ከሞታቸው በኋላ ሙጂብ በኮምፒዩተራቸው ውስጥ አሥራ አራት ረቂቅ አግኝቷል፤ የመጀመሪያው የ2008፣ የመጨረሻው የ2016 ነው። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ጨፋ ሮቢት አልመጡም። ለዒድ ስጦታ ይልካሉ፣ ስልክ ይደውላሉ፣ ስለ ጤናና ስለ ዝናብ ይጠይቃሉ። “መቼ ነው የምትመጣው?” ሲባሉ “ኢንሻአላህ፣ አንድ ሥራ ልጨርስ” ይላሉ። እዚሁ አጠገባችን ከሚሴ ድረስ ለስብሰባ መጥተው ከዚያው የተመለሱበት ጊዜ አለ። መንገዱ ረዝሞባቸው አይደለም።

በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ የጉበት ሕመም ተገኘባቸው። ሐኪሞች የነገሯቸውን ሰምተው ከወጡ በኋላ፣ በዚያው ሳምንት ደብዳቤውን ጨርሰው ላኩት። ስምንት ገበሬዎች እንዳልነበሩ፣ ደንቦቹ በሙሉ የእህታቸው የዓዲላ ሙሀመድኑር እንደሆኑ፣ ጥፋቱም የእሳቸው ብቻ እንደሆነ ጻፉ። ለዩኒቨርሲቲያቸውና ለተባባሪያቸውም አሳወቁ። ከዚያ በኋላ መልስ መጠበቅ ሆነ ሥራቸው። ወይዘሮ ከውሰር ለእህታቸው ሕመማቸውን እንንገር ቢሏቸው፣ ወረቀቱ ይምጣና እኔው እሄዳለሁ እያሉ ከለከሏቸው።

መልሱ ግንቦት 10 ቀን 2017 ዓ.ም. መጣ። አርታኢዎቹ ጉዳዩን መርምረው፣ ሐሰተኛ መረጃ የያዘ ጽሑፍ በእርማት ሊቆይ ስለማይችል ጥናቱ በሙሉ እንዲሰረዝ ወስነዋል። የወይዘሮ ዓዲላ ስም የታተመው በስረዛው ማስታወቂያ ላይ፣ በሦስተኛው መስመር ነው። በ2004 ዓ.ም. የእህታቸውን ስም ከማውጣት እስከሚቀጥለው ኅዳር ቢጠብቁ ኖሮ ጽሑፉ ምናልባት አንድ ዓመት ይዘገይ ነበር እንጂ ዛሬ ሥራውም ስሙም በኖረ። ዶክተሩ ማስታወቂያውን ሁለት ጊዜ አንብበው “ይህን ይዤ አልሄድም” አሉ። ወይዘሮ ከውሰር ያን ዕለት የባላቸውን ክልከላ ጥሰው ወደ ጨፋ ሮቢት ሊደውሉ ስልክ አንስተው፣ መልሰው አስቀመጡት። እስከ አሁን ይጸጸቱበታል።

ዶክተር አብዱልጀባር ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም. ከንጋቱ የፈጅር ሶላት በኋላ ደሴ ከተማ በተወለዱ በስልሳ አንድ ዓመታቸው ወደ አኼራ ሄዱ። ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን። በዚያው ዕለት ጀናዛቸው ወደ ጨፋ ሮቢት መጣ። ወደ እህታቸው ቤት ከዘጠኝ ዓመት በኋላ የመጡት በዚህ ሁኔታ ነው።

እንደ ደንባችን ከሶላተል ጀናዛ በፊት በሟቹ ላይ ሐቅ፣ ዕዳም ሆነ በደል፣ ያለው ሰው እንዲናገር ወይም አውፍ እንዲል ተጠየቀ። ሙጂብ አባቱ እንዳዘዙት ቆሞ የስምንቱን ገበሬዎች ነገር ለሕዝቡ ተናገረ። ባለሐቋ ከሴቶች ጋር ቤት ውስጥ ስለነበሩ ኢልሃም ገብታ ለእናቷ ነገረቻቸው፤ የራሷንም ጨምራ ነገረቻቸው። ሰጋጁ ሰልፍ ይዞ መልሱን ይጠብቅ ነበር።

ወይዘሮ ዓዲላ በመጀመሪያ ያሉት “እና ስምንቱ የሉማ?” ነው። የሉም ተባሉ። “ለስሙማ አውፍ ብያለሁ፣ ለአላህ ብዬ፣ ሐላል ይሁንለት። ስገዱበት” አሉ። ኢልሃም ልትወጣ ስትል ግን ቀሚሷን ያዟት። “ያልመጣበትን ዘጠኝ ዓመት ግን አሁን አትጠይቁኝ። እኔ ወረቀት አልጠበቅሁም፤ እሱን ነበር የጠበቅሁት።” ኢልሃም ወጥታ ለሰጋጁ የተናገረችው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ሁለተኛውን ዛሬ በእናቷ ፈቃድ እዚህ ጽፋዋለች።

ዶክተር አብዱልጀባር ሙሀመድኑር ታላቅ እህታቸውን ወይዘሮ ዓዲላን፣ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ከውሰርን፣ ልጆቻቸውን ሙጂብንና ዓፊያን፣ አንድ የልጅ ልጅ እና ብዙ ተማሪዎችን ትተው አልፈዋል። ሩቅ አገር ሳንሄድ፣ ከከሚሴ እስከ ሰንበቴ ካላችሁት መካከልም አፍራችሁ ያልሄዳችሁበት በር ያላችሁ ትኖራላችሁ፤ ባዶ እጃችሁንም ቢሆን ሂዱ ይላል ኑዛዜያቸው።

አላህ ጥፋታቸውን ይማራቸው፤ ቀብራቸውን ያስፋላቸው፤ ጀነትን ማረፊያቸው ያድርግላቸው። የቀረውን ዘጠኝ ዓመት ደግሞ እህታቸው አውፍ እስኪሉ እንጠብቃለን፤ እስከዚያ ዱዓችሁ አይለያቸው። አሚን።