ልጆች ይረሳሉ ላልከኝ

ለታናሽ ወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክ? ጤናህስ? ብየዳው የሚያስለቅሰው ዓይንህ ተሻለው ወይ? ማደሪያህ ይሞቃል? በደንብስ ትበላለህ? እናታችን ጉልበቷ ደረጃ ላይ ያስቸግራታል እንጂ ደህና ናት። ልጆችህም አልታመሙም። እኔን ግን ንዴቱ ሊያፈነዳኝ ነው። በስልክ እንዳልነግርህ ቤታችን ሁለት ክፍል ነው፤ ልጆቹ ይሰሙኛል። ስለዚህ ጻፍኩ።

በገዛ አፍህ "ለጸደይ በዓል በመጀመሪያው አውቶቡስ እመጣለሁ" አልካቸው። ከዚያ ወዲህ ትንሹ፣ አምስት ዓመት እንኳ ያልሞላው፣ "ስንት ቀን ቀረ?" እያለ ጆሮዬን አደነቆረው። የደንበኞቼን ልብስ ወደ ጎን ትቼ ለእሱ ሰማያዊ ሸሚዝ፣ ለእህቱ ቢጫ ቀሚስ ሰፋሁ። በበዓሉ ዕለት ጎረቤቱ ሁሉ ልጆቹን ይዞ ወደ መናፈሻው ሲወርድ፣ የእኛዎቹ እየጎተቱ መናኸሪያ ወሰዱኝ።

የመጀመሪያው አውቶቡስ መጣ፤ የለህም። ሁለተኛው መጣ፤ የለህም። ትንሹ የሚወርደውን ሰው ሁሉ ከእግር እስከ ራሱ ያያል። የቋጠርኩለትን ምግብ "አባዬ ሲመጣ" ብሎ አልነካም አለ። ስደውል ስልክህ ተዘግቷል። በመጨረሻው አውቶቡስ የመጣው ያ የምታውቀው ቀልደኛ ሹፌር ልጆቹን ሲያይ ቀልዱን ዋጠና ወደ ጎን ጠርቶኝ፣ "እህቴ፣ አትጠብቁት፤ እኔ ከዚያ ስነሳ ከጓደኞቹ ጋር ካርታ ይጫወት ነበር" አለኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

በማግስቱ ደውለህ ምን አልከኝ? "ሥራ በዝቶብኝ ነው፤ ደግሞ ልጆች ይረሳሉ።" ይረሳሉ? እንግዲያው ስማ። በደወልክበት ዕለት ጠዋት ትንሹ ሲነቃ ትራሱ አጠገብ የቀለም እርሳሶች አገኘ። እህቱ ትምህርት ቤት የተሸለመቻቸው፣ ማንም እንዳይነካባት የምትደብቃቸው ናቸው። "አባዬ ተኝተህ ሳለ መጥቶ ነበር፤ ግንባርህን ስሞህ ይህን ትቶልህ ሄደ" አለችው። እሱም ግንባሩን ዳሰሰና ሳቀ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ስታየኝ እንዳላጋልጣት በዓይኗ ለመነችኝ። ስምንት ዓመቷ ነው እኮ ወንድሜ! አንተ ካርታህን ስትበውዝ እሷ ለወንድሟ አባት ፈጠረችለት።

እናታቸው ከሞተች ወዲህ ፊታቸውን ማየት እንደሚከብድህ አልጠፋኝም። በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኩህ ነኝ፤ ሆድህን አውቀዋለሁ። ግን ሐዘንህን ለሕፃን አታሸክም! ትንሹ ስለ እርሳሶቹ ሲያመሰግንህ አፍህን ሰብስበህ ተቀበል፤ እህቱን እንዳታዋርዳት። ከእንግዲህ ደግሞ "እመጣለሁ" የምትል ቃል ከአፍህ ብትወጣ ስልኩን ከጆሯቸው እነጥቃለሁ። መምጣት ከፈለግክ በዓል አትጠብቅ፤ ተራ ማክሰኞም ይበቃል። ሳትናገር ና።

እናታችን "ተቀይሜዋለሁ በይው፤ ግን ሳይበላ እንዳይውል" ብላለች። ትንሹ በወረቀቱ ጥግ ላይ የሳለልህ አውቶቡስ ነው፤ ጎማው ብዙ ነው ብለህ እንዳትስቅበት። ልጅህን ምን ልበልልሽ ብላት ብዙ አሰበችና "ደህና ናት በይው" አለችኝ። እኔ ግን አልልህም።

እህትህ

ከስፌት መኪናዬ አጠገብ፣ በዓሉ ባለፈ በአራተኛው ቀን