ራይት ያደረግኩባቸው ጽሑፎች

ሰኞ

ከፈትኩት። አጫጭር ጽሑፍ የሚለጠፍበትን አፕ ማለቴ ነው። ስልኬ ላይ የጫነችልኝ ሐና ናት፤ የድሮ ተማሪዬ፣ አሁን መናኸሪያው አጠገብ ፎቶ ኮፒ ቤት ያላት። መሠረት እዚያ በየቀኑ ትጽፋለች አለችኝ።

መሠረት ልጄ ናት። ጃጁራ ያስገኘሁላትን የመምህርነት ቦታ ትታ አዲስ አበባ ከገባች አምስት ወሯ ነው። የእናቷን ስልክ ታነሳለች፤ የእኔን አታነሳም። ሐና በስሜ ልትከፍተው ስትል ከለከልኳት።

ስም፦ አንባቢ። ፎቶ፦ የለም።

ማክሰኞ

በስድሳ አራት ዓመቴ የልጄ ተከታይ ሆንኩ። "ተከተል" የሚለውን መንካት ብቻ ነው። ለመጻፍም ሞክሬ ነበር፤ የፊደሉ ብዛት የተገደበ ስለሆነ ሰላምታ እንኳ አያስጨርስም። ተውኩት።

ስለ ታክሲ ሰልፍ ትጽፋለች፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለምትማረው ልብስ ስፌት። አጻጻፏ ንጹሕ ነው። አራት ነጥብ ግን ትረሳለች።

ረቡዕ

ወደ ኋላ እየሄድኩ አነበብኩ። የት እንደደረስኩ እንዳይጠፋኝ ከእያንዳንዱ ሥር ያለችውን ልብ ነካሁ፤ ቀይ ትሆናለች። ደብተር ሳርምም ባነበብኩት ገጽ ሁሉ ላይ ራይት አደርግ ነበር።

ከቤት በወጣች ሰሞን የጻፈችው ላይ ደረስኩ፦ "አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ተማሪ ሲጠይቅ ኖረ። እኔን ግን ምን መሆን ትፈልጊያለሽ ብሎ አንድ ቀን ጠይቆኝ አያውቅም"

ተናደድኩ። ለባለቤቴ ለአስቴር አላነበብኩላትም። በልማድ ራይት አድርጌበት ስልኩን ዘጋሁ።

ሐሙስ

የደረስኩበትን ለሐና በኩራት አሳየኋት። ቀዮቹን ልቦች አይታ ቀና አለች።

"ቲቸር፣ ይሄ እኮ ወደድኩት ማለት ነው። ለእሷም ይደርሳታል።"

ሁሉም? ሁሉም። አፈርኩ። ድጋሚ ሲነካ እንደሚነሳ አሳየችኝ።

ቤት ገብቼ ስለ እኔ የጻፈችውን ፈለግኩ። ጣቴን አስጠግቼ መለስኩ። ጠይቄያት አውቅ እንደሆነ ከአንደኛ ክፍሏ ጀምሬ አሰብኩ። አንድም ቀን አልመጣልኝም። ቀይዋን ልብ እንዳለች ተውኳት።

ዓርብ

ምንም የለም። ስልኬን ቢያንስ ሃያ ጊዜ አይቻለሁ። ለአስቴር ነገርኳት፤ ሳቀችብኝ፣ ከዚያ ዓይኗን ጠረገች። ፈርቻለሁ። እዚያም ልትዘጋኝ ትችላለች።

ቅዳሜ

ጠዋት መልእክት ገባ።

"አባዬ አንተ ነህ አይደል? አንድ ሳይዘል የሚያነብ ሌላ ሰው አላውቅም። ስለ አንተ የጻፍኩትንም ነው የወደድከው?"

ረጅም ሰላምታ ጻፍኩ፣ አጠፋሁት። ስለ ጃጁራው ቦታ ማስረዳት ጀመርኩ፣ እሱንም አጠፋሁት። በመጨረሻ እንዲህ ብዬ ላክሁ፦ "እኔ ነኝ። በስህተት ነበር የነካሁት፤ የጻፍሽው ግን ልክ ነው። ምን መሆን ትፈልጊያለሽ?"

መልሷ ከሰዓት በኋላ መጣ፣ በስድስት ቁራጭ። አራት ነጥብ የሚባል የለበትም። ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ነገ ከቸርች ስመለስ እደውልላታለሁ። ታነሳ ይሆናል።