ገጾቻቸውን አጣብቀው ስላለፉት ስለ ጓድ ጌጡ ይግዛው የወጣ የሀዘን መግለጫ

የመንደር ምሥረታ ጥናት አስተባባሪ ጽሕፈት ቤት የጥናት ክፍል ኃላፊው ጓድ ጌጡ ይግዛው ጥር 6 ቀን 1979 ዓ.ም. በድንገተኛ ሕመም ማረፋቸውን ለሠራተኞቹ፣ ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ሕዝብ የሚያስታውቀው በከባድ ሀዘን ነው። ሀዘኑ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል።

ጓድ ጌጡ በ1971 ዓ.ም. በንፋስ መውጫ ሥራ ጀመሩ። ውሳኔ ጥናትን እንዳይቀድም ሲያሳስቡ ኖረዋል፤ ጽሕፈት ቤቱም ማሳሰቢያዎቻቸውን በክብር ፋይል አስሮ አስቀምጧል።

በ1975 ዓ.ም. ለውሳኔ ሰጪዎች ባለ አንድ ገጽ ቅጽ አዘጋጁ። ጥያቄው ሦስት ብቻ ነበር፦ ምን ታወቀ? ማን አየው? ብንሳሳት ማን ይጎዳል? ለሦስተኛው ከየክፍሉ የመጣው መልስ «አይመለከተንም» የሚል ነው።

በኅዳር 1979 ዓ.ም. ከወገዳ አቅራቢያ፣ ሾላ ሜዳ ላይ፣ 212 አባወራ ሊገባበት የታቀደውን መንደር አጥንተው ስድስት ገጽ አቀረቡ። የጽሕፈት ቤቱ ውሳኔ ሰጪ ኮሚቴ ዘጠኙም አባላት «አንብቤ ተረድቻለሁ» ብለው ፈረሙ። ዝውውሩም ለየካቲት 15 ተቆረጠ።

ይህን መግለጫ ለማዘጋጀት ጥናቱ ከፋይል ሲወጣ ከሁለተኛው እስከ አምስተኛው ያሉት ገጾች ዳር ዳራቸው በሙጫ ተጣብቆ ተገኘ። ሙጫው የጓድ ጌጡ መሆኑን ንብረት ክፍል አረጋግጧል። ዘጠኙ አባላት ሳይከፍቱት እንዴት እንደተረዱት በመጣራት ላይ ነው።

ገጾቹ ተላቅቀው ሲነበቡ፣ የሾላ ሜዳ ውሃ አንዲት ምንጭ ብቻ መሆኗ ታወቀ። በምንጯ አጠገብ የሚኖሩት ወይዘሮ ታንጉ የሰጡት ቃል እንዲህ ይላል፦ «መጋቢት ሲገባ አንድ እንስራ እስኪሞላ አንድ ልቃቂት ፈትዬ እጨርሳለሁ። እናንተዬ፣ ሁለት መቶ ቤት ስታመጡብኝ ያን ሁሉ ፈትል ማን ሊለብሰው ነው?»

ከሥሩ ጓድ ጌጡ በእጃቸው «እዚህ የደረሱ ጓድ ቢሮዬ ይምጡ፤ ምንጯን አብረን እናያለን» ብለው ጽፈዋል። ከኅዳር ወዲህ በሻይ ሰዓት እንኳ ከቢሯቸው ሳይወጡ የቆዩበትን ምክንያት ጽሕፈት ቤቱ አሁን ተረድቷል። የመጣ ሰው አልነበረም።

በመሆኑም የየካቲቱ ዝውውር ታግዷል። ዘጠኙ ፈራሚዎች በቀብሩ ማግስት ወደ ሾላ ሜዳ ይወርዳሉ፤ እንስራውን የሚሸከሙትም ራሳቸው ናቸው።

ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ዘርትሁን፣ ለልጆቻቸውና የቅጹን ሦስተኛ ጥያቄ ሳይመልሱ ለቀሩት ባልደረቦቻቸው ሁሉ ጽሕፈት ቤቱ ብርታትን ይመኛል።

ይህ መግለጫ ከመፈረሙ በፊት ለዘጠኙም አባላት ጮክ ተብሎ ተነብቧል።