በቁመቴ ልክ የተሠራ የገና ዱላ

ታኅሣሥ 3፣ ረፋድ

ክፍት ክ/ጊዜ። የ10ኛ ቢ የፊዚክስ ፈተና ከፊቴ ተቆልሏል፤ አላርምም። እጄ ደንዝዟል። የእንጅባራ ታኅሣሥ ቀልድ አያውቅም።

ጥሩዓለም (ባለቤቴ፤ አንቺማ ደብተሬ ታውቂያታለሽ፣ ስንት ገጽ አማርሬብሻለሁ) ቁርስ ላይ ወሬ ይዛ መጣች። ወንድሟ ስንታየሁ ደውሏል። ለገና እንደ ወትሮው አባቷ ቤት እንድንሄድ፣ ከአዲስ ቅዳም ወጣ ብሎ ካለው መንደር። እኔ ግን ዘንድሮ ጨዋታውን ከዳር ሆኜ ብመለከት ይሻላል ተብሏል። ወንበር ይዘጋጅልኛል።

ወንበር። የአርባ ሦስት ዓመት ሰው ነኝ እኮ፣ ምን አረጀሁ?

ነገሩ የአምናው ነው። የገና ዕለት ሜዳ ላይ ሩሯ፣ ማለት ከእንጨት የተጠረበችው ኳስ፣ ወደኔ መጣች። ዱላዬን ሰነዘርኩ። ሩሯ የለችም። የአማቴ የአያ እንዳላማው ቁርጭምጭሚት አለ። ሽማግሌው ወደቁ። ክፉ ቃል አልወጣቸውም። እስከ ጥምቀት አነከሱ፤ ብርድ ሲመጣ አሁንም ያማቸዋል።

ይሄስ ያጋጥማል። የሚከነክነኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ገና ላይ ያሸነፈ ወገን የተሸነፈውን በግጥም ይሰድባል፤ ቄስ የለ፣ ባለሥልጣን የለ፣ አማት የለ። የኔን ወገን ሰው አንድ በአንድ እያነሡ በአገራቸው ቋንቋ በአውኚም በአማርኛም አበጠሩት። አፍንጫው አልቀረ፣ በሬው አልቀረ፣ ትዳሩ አልቀረ። እኔ ጋ ሲደርሱ ዘለሉኝ። መምህር ደክሞዎታል፣ ውኃ ይጠጡ አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት እንግዳ ነኝ። ጥሩው መቀመጫ ለኔ፣ ወፍራሙ ወተት ለኔ፤ ስገባ ግን ጨዋታቸው ይቋረጣል። ከደብረ ብርሃን መጥቼ ልጃቸውን አግብቼ፣ ልጆች ወልጄ፣ ይኸው እንግዳ። ሆድ ይብሳል።

ወንበሩ ላይ አልቀመጥም። እጫወታለሁ። እንደ ሰው እሰደባለሁ።

ታኅሣሥ 6፣ ምሳ ሰዓት

የስፖርት መምህሩን ዳኛቸውን አማከርኩት። የአምናውን ዱላ አየ። ከስንታየሁ የተዋስኩት ነው፣ አልመለስኩም። ሳቀብኝ። አጭር ነው አለ፣ ላንተ አልተሠራም፣ በሰው ሱሪ ነው የምትሮጠው። ዳንግላ ውስጥ የሰውየውን ቁመት ለክቶ የገና ዱላ የሚሠራ አናጢ አለ አለኝ።

እውነት ይሆን? ልቤ ደስ አለው። ጥፋቱ የዱላው ከሆነ የኔ አይደለም ማለት ነው። ደግሞ ወዲያው ጠረጠርኩ። ደስ የሚያሰኝ ምክንያት ሲገኝ መጠርጠር ነው። ስንታየሁ በዚያው አጭር ዱላ ነበር የሚጫወተው።

ለማንኛውም ከነገ ወዲያ ዳንግላ።

ታኅሣሥ 8፣ ከሰዓት፣ ሚኒባስ ውስጥ

ጽሕፈቴ ቢንቀጠቀጥ መንገዱ ነው።

ጋሽ ቢተው። አናጢው፣ አልጋ ሠሪ። አፉ ከመጋዙ ይፈጥናል። እንደ ሙሽራ ለካኝ። ቀጥ ብለህ ቁም አለ፤ ቆምኩ። ከእጄ አንጓ እስከ መሬት፣ ከትከሻ እስከ ክርን፣ የመዳፌን ስፋት በሲባጎ። ከዚያ ተራመድ አለኝ፣ ተቀመጥ፣ ተነሣ፣ መጥረጊያ ያዝና ጥረግ። መንገደኛው ቆሞ ያያል። ለሰው የተሠራ ዱላ ባለቤቱን ያውቃል አለኝ፣ ሌላው ሲይዘው ያኮርፋል።

እኔም በተራዬ ስለ ክብደት ማዕከል አስረዳሁት። ጫፉ ሲከብድ ምን እንደሚሆን፣ እጀታው ሲረዝም ምን እንደሚሆን። ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ሰማኝ፤ ምንም አልሰማኝም። እኔም የሱን አልሰማሁም። ሁለታችንም ደስ ብሎን ተለያየን።

ወይራ ነው የሚሆነው። ከሥሩ በተፈጥሮው የቆለመመ።

ታኅሣሥ 15፣ ሳይመሽ፣ ፀሐይ አለች

መጣ። ዳኛቸው ዳንግላ ደርሶ ይዞልኝ መጣ።

እንዴት ያምራል። ስይዘው እጄ ውስጥ ቁጭ አለ። ተማሪ ሲወጣ ከቤተ ሙከራው ጀርባ ሄድኩ። የእንጨት ሥር ጠርቤ ሩር ሠርቻለሁ። መታሁ። ሄደች። ደግሜ መታሁ። አጥር ተሻግራ ጎረቤት ቢሮ ግቢ ገባች። ዘበኛው ምንድን ነው ነገሩ እያለ መለሰልኝ። አፌ ጆሮዬ ደረሰ።

ዱላው ነው። ሌላ ምን ይሆናል። የአምናው ዱላ ነው ጉድ የሠራኝ።

ታኅሣሥ 18፣ ረፋድ

ቆይ እስቲ።

ዛሬ የአምናውንም ዱላ ይዤ ወጣሁ፣ ለማወዳደር ብዬ። በአዲሱ መታሁ፤ ጥሩ። በአሮጌው መታሁ፤ እሱም ጥሩ። ናላዬ ዞረ። ዳኛቸው ዓይኔን በሻርፕ አስሮ አንዱን አቀበለኝ፣ ሌላውን አቀበለኝ። የቱ የቱ እንደሆነ መለየት አቃተኝ። ባለቤቱን ያውቃል የተባለው ዱላ። እኔም አላወቅኩት።

ሦስቱን ቀን ሙሉ ስለማመድ ሰነበትኩ፣ ያ ይሆን? ሁለት ነገር ባንዴ ከቀየራችሁ የለውጡን ምክንያት አታገኙም እያልኩ ስንት ዓመት አስተማርኩ። ይኸው ራሴ ዱላም ቀየርኩ፣ ልምምድም ጀመርኩ። አሁን ማንን ልጠይቅ። ለተማሪ ዜሮ የምሰጥበት ሙከራ ነው።

ታኅሣሥ 21፣ ከሰዓት

ስንታየሁ ድንች ሊሸጥ እንጅባራ መጥቶ ቤት ገባ። ዱላውን ደብቄው ነበር፤ ልጄ አወጣችው። ይዞት ጓሮ ወረደ። ምን ልበልሽ። ሩሯ ታዘዘችለት። እየሮጠ መታት፣ እየዞረ መታት፣ አቁሞ መታት። ይህ ሰው ከኔ በራስ ቁመት ያጥራል። ዱላው የተለካው ለኔ ነው።

ማማሩን አደነቀ። መምህር፣ ጥሩ ዕቃ ገዝተዋል አለኝ። መምህር። አብረን ገደል የገባን፣ አብረን ሠርግ የጨፈርን ሰዎች ነበርን፤ ካምና ወዲህ እሱም አንቱ ይለኛል። 

ሲወጣ እየፈራ አንድ ነገር ጣል አደረገ። ወንበሩን ያሰቡት አባባ ናቸው። እንዳላፍር ብለው።

ታኅሣሥ 22፣ ምሳ ሰዓት

ለጋሽ ቢተው ደወልኩ። ኔትወርክ ሄደ መጣ። ዱላው ለአጭር ሰው ይበልጥ ይሠራል አልኩት። ስትለካ ምን ተጫምተህ ነበር አለኝ። የክረምት ቦቲዬን። ያን ወፍራሙን። ስትጫወትስ አለኝ። ሜዳው ረግረግ ነው፣ ያንሸራትታል፣ ሁሉም በባዶ እግሩ ነው አልኩት።

እንግዲያ የለካሁት አንተን ሳይሆን ቦቲህን ነው ብሎ ሳቀ። ደግሞ ቀጥ ብለህ ቆመህ ነው የለካሁህ፤ ገና የሚጫወት ሰው ግን ይጎነበሳል፣ ይሄንንም አስብበት አለ። አሁን ነው የሚነግረኝ። እኔስ? ከሁለታችን አንዳችን እንኳን እንዴት ጫማ አውልቅ አላልንም?

ስለዚህ ዱላው በልኬ አይደለም። በልኬ ያልሆነው ዱላ ግን አሻሻለኝ። ወይም አላሻሻለኝም። ይቆረጥ? ከታች የቆለመመው ነው፣ ከላይ ነው የሚቆረጠው፤ ከላይ ከተቆረጠ ደግሞ እጀታው ይበላሻል። ቅጡ ጠፋኝ።

ታኅሣሥ 24፣ ጠዋት

ጥሩዓለም ጓሮ ሆኜ አየችኝ። ዱላ ዱላ ትላለህ አለች፣ ስትመታ እኮ ዓይንህን ትጨፍናለህ።

አልጨፍንም።

ትጨፍናለህ። ካምና ወዲህ ነው። ሰው እንዳትመታ ስለምትፈራ።

ት/ቤት ሄጄ ዳኛቸውን በስልኩ ቅረጸኝ አልኩት። ቪዲዮው ላይ ዓይኔ አይታይም፣ የኮፍያዬ ጥላ አለበት። ዳኛቸው ይከፈታል አለ። ጥሩዓለም ይጨፈናል አለች። እኔ አላውቅም። ሰው የራሱን ዓይን መጨፈን እንዴት አያውቅም? ትመቺኛለሽ አንቺ ደብተር፣ ዝም ስለምትዪ።

ብቻ ከተናገረች በኋላ ጓሮ መውጣት ፈራሁ። ሩሯ ፊቴ ቆማ የሽማግሌው እግር ነው የሚታየኝ።

ታኅሣሥ 28፣ አሥር ሰዓት ገደማ፣ አማቶቼ ቤት

ደረስን። እስከ አ/ቅዳም በሚኒባስ፣ ከዚያ በጋሪ። መንገዱን ሙሉ የከሰል ጆንያ። ዱላውን ጋቢ ጠቅልዬበታለሁ፤ ሬሳ የያዝኩ መስዬ።

አባባ በር ላይ ቆመው ተቀበሉን። ያነክሳሉ። ብርዱ ነው አሉ ዓይኔን አይተው። ለእርስዎ ፀሐይ የምትመታው ጋ ቦታ አሰናድተናል አሉኝ። ወንበሩ ተጠርጎ፣ አጎዛ ተነጥፎበት ተቀምጧል። እግዜር ይስጥልኝ አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ።

ስንታየሁ ጋቢውን አየ፣ ቅርጹን አየ። ነገ እንዴት እንደማደርግ አላውቅም። ወጥቼ ልቁም? ከቆምኩ ደግሞስ?

ታኅሣሥ 29፣ ከጨዋታው በፊት

ከቤተ ክርስቲያን ተመለስን። እየተሰበሰቡ ነው። ጫማዬን አወለቅኩ። ሣሩ ውርጭ አለበት። መሬት ላይ ስቆም ዱላው እውነትም ረዘመ። ጋቢዬን ለጥሩዓለም ሰጠኋት። ጥርሷን ነከሰች።

ሊመዳደቡ ነው። ሄድኩ።

ታኅሣሥ 29፣ ከጨዋታው በኋላ

ቀስ ብዬ ልጻፍ።

ወገን የሚመደበው እንዲህ ነው፤ እኩያ እኩያውን ይዞ ፈንጠር ይላል፣ ሁለቱ በሹክሹክታ ስም ያወጣሉ፣ መጥተው ለአለቆቹ ስሙን ይጠራሉ፣ አለቆቹ ማን ማን እንደሆነ ሳያውቁ ይመርጣሉ። ጥንዶቹ ይለያያሉ። ስለዚህ እኩያ የሌለው አይጫወትም። ድሮ የኔ እኩያ ስንታየሁ ነበር። ዘንድሮ ገና ከመድረሴ ሌላ ሰው ክንዱን ይዞት ሄደ። ሁሉም ሁለት ሁለት ሆነ። እኔ መሐል ሜዳ ላይ ብቻዬን፣ ባዶ እግሬን፣ ረጅም ዱላዬን ይዤ። አንዱ በትሕትና ወደ ወንበሩ አመለከተኝ። መምህር፣ ከዚያ በደንብ ይታያል አለኝ። እግሬ ሊሄድ ነበር። እውነቴን ነው የምልሽ፣ አንድ እርምጃ ሄዷል።

ያኔ አያ እንዳላማው ከሽማግሎቹ መሐል ተነሡ። ዘንድሮ አይጫወቱም ተብሎ ነበር። ጫማቸውን አወለቁ። እያነከሱ መጡና የእጄን አንጓ ያዙ። 

"የኔ እኩያ ይሄ ነው" አሉ ጮክ ብለው። "እኔ እግሬ አንካሳ፣ እሱ እጁ አንካሳ።"

ሜዳው በሳቅ ተናጋ። እኔ ልሳቅ ላልቅስ አላወቅኩም። ፈንጠር አልን። እኔ ጅብ፣ አንተ አህያ አሉኝ። ስማችንን ይዘን ሄድን፤ አንዱ አለቃ ጅብን መረጠ፣ አህያው ለሌላው ቀረ። ከመለያየታችን በፊት ዱላዬን ከእጄ ወሰዱ፣ ወደላይ ወደታች አዩት፣ የራሳቸውን ጥቁር አጭር ዱላ አስያዙኝ። ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም። እግሬን አይተህ እጅህን ብትሰበስብ ቤቴ እንዳትገባ አሉና ወደ ወገናቸው ሄዱ።

ስለዚህ የተለካልኝ ዱላ በሳቸው እጅ፣ ያልተለካልኝ በኔ። ጋሽ ቢተው ያላየው ሙከራ። ሽማግሌው በኔ ዱላ ቆመው እየመቱ ሦስት ጎረምሳ አተራመሱ። እኔ ብዙውን ሰዓት ሮጥኩ ብቻ። ሩሯ እኔ ጋ ስትመጣ የሰው እግር ከብቦኝ ነበር። ዓይኔ ይከፈት ይጨፈን አላውቅም። መታሁ። በዕድሜዬ እንደዚያ መትቼ አላውቅም። ድምጿ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ሄደች፣ ሄደች፣ ከወሰን አለፈች።

በራሴ ወሰን በኩል።

ተሸነፍን። ከዚያ የሆነውን ለመጻፍ ነው የቸኮልኩት። ሽማግሌው የኔን ዱላ ተመርኩዘው ፊቴ ቆሙና አወረዱት፦

መምህሩ መጣ ዱላ አስለክቶ፣
ለኛ አገባልን ወሰኑን ስቶ።

ማስለካቴን ማን ነገራቸው? ጥሩዓለም ናት፣ ሌላ ማን ይሆናል። ሁሉም ተቀበለ። ከዚያ ወደ አውኚ ተሻገሩ፣ አንዱ ሲያቆም ሌላው ይቀጥላል፣ ስንታየሁ በጉልበቱ ተንበርክኮ ይስቃል። ስለ አፍንጫዬ ይሁን ስለ ትዳሬ አላውቅም። ጥሩዓለምን ምን አሉ ብላት እንባዋን እየጠረገች አልነግርህም አለች። ደረቴ ሞቀ። ሲሰድቡኝ እንዲህ ደስ ይለኛል ብዬ አልጠበቅኩም።

ዱላውስ? አልገባኝም። አሁንም አልገባኝም። በተለካልኝ ሩሯን አጥር አሻገርኩ፣ ባልተለካልኝ የዕድሜዬን ምት በተሳሳተ በኩል መታሁ፣ ልካቸው ሳይሆን ሽማግሌው በሱ አሸነፉ። ጥሩ ዕቃ ነው አሉ፣ አልመለሱልኝም፣ እኔም አልጠየቅኳቸው።

ቤት ገብተናል። ጨዋታቸው እኔ እያለሁ ይቀጥላል፤ ግማሹን አልሰማውም፣ አውኚ ነው። ጠዋት በሚኒባስ ልንመለስ ነበር፤ የምሰጠው ክ/ጊዜ አለ። አሁን አባባ ሲያልፉ ነገ የገብስ ውቂያ አለ፣ በጠዋት ተነሣ ብለው አለፉ። ይመችሃል ወይ አላሉኝም። ትችላለህ ወይ አላሉኝም። ለር/መምህሩ ልደውል ብል ኔትወርክ የለም። ይቅር፣ ሲመጣ እነግረዋለሁ።

እነሣለሁ። የሚሰጡኝ የገለባ መንሽ ለቁመቴ ይሁን አይሁን አልጠየቅኩም።