ነጋ ብለው መረቁህ

አምቦ፣ ጥቅምት 8 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለድሮ ወዳጄ፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? ብርድ ሲነካው የሚያስነክስህ ጉልበትህ ተሻለህ ወይ? እኔ ጌታ ይመስገን ደህና ነኝ፤ በእናንተ ቢሮ ስሙ ባይጠራ በእኔ ደብዳቤ ይጠራ። ጓድ ብዬ ልጀምር ነበር፣ እጄ እምቢ አለኝ።

ማክሰኞ ከመጣህ ወዲህ ነቅቼም ሕልም ውስጥ ያለሁ ይመስለኛል። ጠዋት ጠዋት ከፍል ውሃው የሚነሳው እንፋሎት በመስኮት ይገባና የአረጋውያን መዋያ ቤታችንን ይሞላዋል። ሽማግሌዎቹና አሮጊቶቹ እግራቸውን በሞቀው ውሃ ነክረው ሲያንቀላፉ ራሳቸው ብቻ ከጉሙ በላይ ይታያል። ቤቱ ከመሬት ለቆ ቀስ እያለ ወደ ሁሉቃ ወንዝ የሚሄድ ይመስለኛል። አንዳንዴ እኔም አብሬያቸው አሸልባለሁ። ደመወዝ የሚከፈለኝ ግን ነቅቼ እንድጠብቃቸው ነውና አደራ፣ አትናገርብኝ።

አንተም ብቅ ያልከው በዚያ ጉም ውስጥ ነው፤ ኮፍያህን ደፍተህ፣ አዲስ ጓጉንቸር ይዘህ። በሕልሜ ስንት ጊዜ እንዲሁ በር ላይ ቆመሃል! ጓጉንቸር ይዘህ ግን መጥተህ አታውቅም።

ከዚያ በቢሮ አማርኛህ ተናገርክ። መመሪያ ነው፣ ቤቱ ለመጋዘን ይፈለጋል፣ አረጋውያኑ ወደየዘመዶቻቸው ይሂዱ፣ ነገ ይዘጋል አልክ። ጊንጪ ተወልደህ በኦሮምኛ አልቅሰህ ያደግህ ሰው በአማርኛ ብቻ ስታወራቸው ገረመኝ። በኋላ ገባኝ። እንዲህ ያለው ነገር በእናት ቋንቋ ከአፍ አይወጣም።

ወደ እኔ ዞረህ አስተርጉሚላቸው አልከኝ። ወደየትኛው ዘመድ ብዬ ላስተርጉም? ከአሮጊቶቻችን መሃል አዴ ድንቅቱ የሚያድሩት በሰው በረንዳ ነው። ቀን እዚህ ካልሞቃቸውና እህል ካልቀመሱ የጥቅምት ውርጭ ይገድላቸዋል።

ሳላስተረጉምልህ ስቀር አንተው ነገ፣ ነገ እያልክ ድምፅህን ከፍ አደረግህ። ያኔ አዴ ድንቅቱ ከጉሙ ውስጥ እጃቸውን ዘርግተው ነጋ አሉ። ነጋ በኦሮምኛ ሰላም መሆኑን ለአንተ አልነግርህም። ሰላም ልትመኝላቸው የመጣህ መስሏቸው ምርቃቱን አወረዱት። ነጋ ለቤትህ፣ ነጋ ለመንገድህ፣ ነጋ ለላኩህም ሰዎች። ሁሉም ሃ ታኡ፣ ይሁን ይሁን እያሉ ተቀበሏቸው። ከመንግሥት ሰው ጋር መነጋገር የተዉት ኦቦ ተሬፋ እንኳ ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሱ።

አንተም ኮፍያህን አወለቅህ። ምርቃት ሲወርድ ዝም እንዳይባል ያስተማረችህ እናት ትባረክ፤ ከንፈርህ ሃ ታኡ ሲል አይቼዋለሁ። ጓጉንቸሩን ከነቁልፉ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ትተህ ሳትሰናበተን ወጣህ። ነገ ያልከው ረቡዕ መጥቶ አለፈ። ሐሙስም እንዲሁ።

አዴ ድንቅቱ ጓጉንቸሩን ስጦታ ነው ብለው የእህል ሣጥኑን ቆልፈውበታል። ቁልፉን አንገታቸው ላይ አስረው ቂንጬ ላብስል ባልኩ ቁጥር ያስለምኑኛል።

ትናንት እግራቸውን ሳደርቅላቸው ያ ልጅ ነገ ያለው የትኛውን ነገ ነው ብለው ጠየቁኝ። የጠየቁኝ ጥርት ባለ አማርኛ ነው! አማርኛ ያውቃሉ እንዴ ብዬ ጮህኩ። እሳቸው ግን ሳቁብኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ለዳኛና ለጸሐፊ ሚስት ቅቤ የሸጥኩት በምን ቋንቋ ይመስልሻል አሉኝ።

የእሱን ነገ እኔ አውቀዋለሁ አልኳቸው።

በመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ጊዜ፣ ጭልሞ ጫካ ከዝግባው ሥር፣ ነገ ሽማግሌ እልካለሁ ብለኸኝ ነበር። እናቴ ለሽማግሌዎቹ መቀመጫ ብላ አግዳሚ ወንበር አሠራች። ሽማግሌ ግን አልመጣም፤ ተቀየምኩህ፣ አልቅሼብህማለሁ፣ አልዋሽህም። እናቴ ስታርፍ ወንበሩን ባዶ ማየት አቃተኝና ወደዚህ አመጣሁት። ጓጉንቸርህን የተውክበት እሱ ነው። ይኸው ሽማግሌዎቹ በየቀኑ ይቀመጡበታል።

ሰኞ ስለ ቤቱ ልትወስኑ ትሰበሰባላችሁ አሉ። ጓጉንቸሩን ከፈለግህ ራስህ መጥተህ ቁልፉን ከአዴ ድንቅቱ አንገት ላይ ፍታው፤ ዘጋሁባችሁ ብለህም በኦሮምኛ ንገራቸው። ይህን ካልቻልክ ግን አንድ ነገር ልለምንህ። በስብሰባው ቤቱ መቼ ይዘጋል ሲሉህ ነገ በላቸው። በማግስቱም ሲጠይቁህ ነገ በል። አንተ ታውቅበታለህ። ለእኔ ሳይነጋ የቀረው ነገህ፣ እባክህ ለእነሱም አይንጋ።

ጉልበትህን ያጽናልህ፤ ልጆችህን ያሳድግልህ። ነጋ ከቤትህ አይጥፋ።

የድሮ ወዳጅህ